ስለ ግራፊን ኤሮጄል ስናወራ የምንስታቸው ነገሮች

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ጥቁር ስፖንጅ የመሰለ ነገር አበባ ላይ ተቀምጧል፤ አበባው ግን ጎንበስ እንኳ አላለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በቻይናው ዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ጋኦ ቻኦ ቡድን የሠራው ግራፊን ኤሮጄል ነው፤ የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ካላቸው የካርቦን ንጣፎች (ግራፊን) የተሠራ፣ ቀዳዳዎቹ በአየር የተሞሉ ስፖንጅ ማለት ነው። ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ፤ ሳይገባን ስናወራበት የሚቆጨኝም ለዚህ ነው።

«ከሂሊየም ስለሚቀል ይንሳፈፋል» ማለት

ቁጥሩ ልክ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩቡ 0.16 ሚሊግራም ይመዝናል፤ ሂሊየም 0.18 ገደማ ነው። ግን የተመዘነው ካርቦኑ ብቻ ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሞላው አየር አልተቆጠረም፤ አየር ደግሞ 1.2 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ ብትለቁት ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። አየሩን መጥጠን ብናሽገውስ? የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንን አስበውበታል። ያን ያህል የሳሳ ነገር የውጭውን አየር ግፊት ስለማይችል ይጨፈለቃል።

የአንዷን የግራፊን ንጣፍ ጠባይ ለኤሮጄሉ መስጠት

«ከብረት 10 እጥፍ ይጠነክራል» የሚባለው የመጣው ከዚያው የኤምአይቲ ጥናት ነው። እሱም በኮምፒውተር የተሰላ ነው፤ ለዚያውም ጥግግቱ የብረትን 5 በመቶ ለሚያህል ቅርጽ። ይህ ቅርጽ አበባው ላይ ካለው ስፖንጅ ከ2000 እጥፍ በላይ ጥግግት አለው። የኤሮጄሉ ጉብዝና ሌላ ነው፦ ስትጫኑት ይታመቃል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ሙቀት ላይም እንዲሁ ነው። ንጣፏ ሙቀት በማስተላለፍ የታወቀች ናት፤ ኤሮጄሉ ግን አብዛኛው አየር ስለሆነ ሙቀት ያግዳል። ኤሌክትሪክ ግን ያሳልፋል፤ ለሱፐርካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ቶሎ አጠራቅሞ ቶሎ ለሚለቅ ዕቃ) የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

«900 እጥፍ ዘይት ይጠጣል» ሲባል መደነቅ ብቻ

እጥፉ የሚሰላው በክብደት ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ኢምንት ነው። ቦታውን አስቡት፦ 1 ሊትር የሚያህል ስፖንጅ ቢበዛ 1 ሊትር ያህል ዘይት ነው የሚይዘው። ባሕር ላይ የፈሰሰ ዘይት ለማንሳት ስንት ያስፈልጋል ብሎ መጠየቅ ከዚህ ይጀምራል።

በአየር ማድረቅ

ላብራቶሪ ውስጥ ለምትሞክሩ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ግራፊን ኦክሳይድ (ኦክስጅን የተጣበቀበት ግራፊን) በውሃ ተበጥብጦ፣ በታሸገ ዕቃ በ180 ዲግሪ ለ12 ሰዓት ያህል ሲቆይ ጥቁር ጄሊ ይሆናል። ስትይዙት ይርገበገባል፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ደስ ብሏችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉት አለቀለት። ውሃው ሲተን የቀዳዳዎቹን ግድግዳ እርስ በርስ ይጎትታል። ሥጋ ቋንጣ ሲሆን እንደሚኮማተር ተኮማትሮ ጠጠር ይሆናል።

መፍትሔው ማቀዝቀዝ ነው። በረዶ ከሆነ በኋላ አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ፣ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ይቀየራል። አትቸኩሉ፤ መሃሉ ላይ በረዶ ሳለ ብታወጡት ይቀልጥና እዚያው ይሰምጣል። ቅርጽ የሚያወጣውም በረዶው ራሱ ነው። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቶሎ ከቀዘቀዘ ይጠባል።

ኦክሳይዱን ግራፊን ብሎ መጥራት

ሳይሞቅ፣ በቀጥታ ቀዝቅዞ የደረቀ ግራፊን ኦክሳይድም ቀላል ስፖንጅ ይሆናል። ግን ውሃ ወዳድ ነው፤ ዘይቱን ትቶ ውሃውን ይጠጣል። ኦክስጅኑን በሙቀት ወይም በቫይታሚን ሲ መቀነስ ያስፈልጋል። ለማረጋገጥ ቴስተር ይበቃል፦ ሁለቱን ጫፎች ቀስ አድርጋችሁ አስነኩት። ኤሌክትሪክ ካላሳለፈ ገና ኦክሳይድ ነው።