ለበዓል ሰፍቶ የሚሸጥ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዓል ሲቃረብ ሰው ስጦታ ይፈልጋል። በእጅ የተሰፋ ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ፣ የጨርቅ ቦርሳ ሲያይ ደግሞ ዓይኑ ያርፍበታል። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ገዢ ብዙም አይቸግርም። እኔ ለዓመታት ሰፍቼ ስሸጥ የከሰርኩባቸውን ጊዜያት መለስ ብዬ ሳይ፣ አብዛኛው ጥፋት ሰዓቴን በደንብ ካለመቁጠር የመጣ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ትልቁ ስህተት የጨርቁን ዋጋ አስልቶ የእጅ ዋጋን መርሳት ነው። አንድ ሽርጥ ስትሰፉ ሰዓት ያዙና እዩት። ለመቅደድ 20 ደቂቃ፣ ለመስፋት 50፣ ለመተኮስና ክር ለመልቀም 15፣ ለማሸግና ከደንበኛ ጋር ለመነጋገር 10 እንበል። ድምሩ 95 ደቂቃ ነው። ብዙዎቻችን ግን የምንቆጥረው የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጥንበትን 50 ደቂቃ ብቻ ነው። ግማሽ የሚጠጋው ድካም በነፃ ሄደ ማለት ነው። ለሰዓታችሁ ዋጋ ቁረጡለት። ከዚያ የጨርቁን፣ የክሩን፣ የማሸጊያውንና የመብራቱን ወጪ ደምሩበት። «ተወደደ» ብሎ የሚሄድ ሰው ይኖራል፤ ይሂድ። ከፋብሪካ ዕቃ ጋር በዋጋ ልወዳደር ያለ ሰው በራሱ ጉልበት ላይ ነው የሚቀንሰው።

ይህንኑ 95 ደቂቃ ይዛችሁ ስታሰሉ ሌላው ስህተት ይታያችኋል፤ ለመጣው ሁሉ «እሺ» ማለት። 20 ሽርጥ ከታዘዛችሁ 1,900 ደቂቃ ነው፤ ወደ 32 ሰዓት ገደማ። ማታ ማታ 3 ሰዓት የምትሰፉ ከሆነ 11 ማታ ይፈጃል። ያውም ማንም ሳይታመም፣ መኪናውም ሳይበላሽ። በዓሉ 9 ቀን ቀርቶት ይህን ትዕዛዝ መቀበል፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ ደንበኛን መዋሸት ነው። ትዕዛዝ የምትቀበሉበትን የመጨረሻ ቀን አስቀድማችሁ ቁረጡና በጽሑፍ አሳውቁ። ከበዓሉ በፊት ያሉትን 3 ቀናት ደግሞ ምንም ሳትይዙባቸው ተዉአቸው። ሁልጊዜ የሚሞላባቸው ነገር አይጠፋም።

ሁሉንም ዕቃ አንድ በአንድ ጀምሮ መጨረስም ሰዓት ይበላል። መጀመሪያ አንድ ናሙና ሰፍታችሁ ልኬቱን አረጋግጡ። ካማራችሁ የቀረውን በአንድ ጊዜ ቅደዱ፣ ማሰሪያዎቹን በሙሉ አከታትላችሁ ስፉ፣ ከዚያ አንድ ላይ ተኩሱ። ክርና ካውያ ለመቀያየር ስንት ጊዜ ትነሱ እንደነበር ያኔ ይገባችኋል።

ጨርቁን ሳያጥቡ መቅደድ ሌላው ስህተት ነው። በዚህኛው እኔም አፍሬያለሁ። ለበዓል ብዬ ጠርዙ ነጭ የሆነ ቀይ የትራስ ልብስ ሰፋሁ። እጅግ ያምር ነበር። የገዛችኝ ሴት በመጀመሪያው አጠባ ነጩ ጠርዝ ሮዝ ሆኖ ወጣባት። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ስጦታውን ግን ልመልስላት አልቻልኩም። አሁን ደማቅ ጨርቅ ሳይ ነጭ ብጣሽ አርሼ ጥጉን እፈትገዋለሁ። ቀለም ከለቀቀ ከነጭ ጋር አላጣምረውም። ጥጥ ደግሞ ይሰበሰባል። 5 በመቶ የሚሰበሰብ ጨርቅ ከ150 ሴንቲ ሜትር የጠረጴዛ ልብስ ላይ 7 ሴንቲ ተኩል ይወስዳል። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ በደንብ ይታወቃል።

መርፌ እስኪሰበር መጠበቅም ልማድ ሆኖብናል። በግምት ከ8 ሰዓት ስፌት በኋላ ቀይሩት። ለመካከለኛ ጥጥ 80፣ ለጂንስ 100 ቁጥር መርፌ ይሆናል። ጨርቁን ሲወጋ ጠቅ ጠቅ ማለት ከጀመረ ደንዟል።

ፎቶ በማታ አምፖል አታንሱ፤ ቀለሙ ይለወጣል፣ ገዢውም ሌላ ዕቃ የመጣበት ይመስለዋል። ጠዋት መስኮት ሥር ይበቃል።

ስም የሚጠለፍበት ትዕዛዝ ያለ ቀብድ አትጀምሩ። ባለቤቱ ከቀረ ለሌላ ሰው አይሸጥም። የስሙንም አጻጻፍ ደንበኛው ራሱ በጽሑፍ ይላክላችሁ። «ኃ» ይሁን «ሀ» በስልክ ሲነገር አይለይም።

በመጨረሻዋ ማታ ደግሞ ድካም ዓይንን ይጋርዳል። ቦርሳ ከሆነ ማንገቻውን በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት፤ የሚለቅ ከሆነ እናንተ ጋ ይልቀቅ። የገበሩን ውስጥ ገልብጣችሁ እዩ። አንድ ጊዜ ለሕፃን ስጦታ በተገዛ ትንሽ ትራስ ውስጥ የመያዣ ስፒል ቀርታ፣ ሳሽገው በጣቴ ነክቻት ነው ያገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ስፒሎቼን ቆጥሬ ነው ሥራ የምጀምረው። ማታም ቁጥራቸው ካልሞላ ምንም ነገር ከቤት አይወጣም።