ኢንስፔክተር ሲመጣ ምን ላዘጋጅ?

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የክላስተር ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ በአንድ ጉድኝት ያሉ ትምህርት ቤቶችን እደግፋለሁ። «ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው» ሲባል ስልኬ አያርፍም። ርዕሳነ መምህራን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምን ፋይል ላዘጋጅ?» አብሽሩ፣ ዋናው ፋይሉ አይደለም።

ድሮ ደጋፊውም ተቆጣጣሪውም ሱፐርቫይዘሩ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ሥራው ተለየ። እኔ እደግፋለሁ፤ ኢንስፔክተሩ በ26 ስታንዳርዶች ለክቶ ደረጃ ይሰጣል። ከ50 በመቶ በታች ደረጃ 1 ነው። ከ50 ጀምሮ 70 ያልሞላ ደረጃ 2፣ 70 የሞላ ደረጃ 3፣ 90 የሞላ ደረጃ 4።

ክብደቱን ልብ በሉ። ከመቶው ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ነው። በጦርነቱ ወንበሩና መጽሐፉ የወደመበት ትምህርት ቤት ወሎ ውስጥ ብዙ ነው። «በባዶ ክፍል ምን ልሥራ?» የሚለኝ ርዕሰ መምህር እውነቱን ነው፤ እኔንም ያንገበግበኛል። የጎደለውን በዝርዝር ጻፉ። ለማን፣ መቼ በደብዳቤ እንደጠየቃችሁ ኮፒውን አያይዙ። ከዚያ ጉልበታችሁን የሂደትና የውጤት 75ቱ ላይ አውሉት።

ከደብተር ጀምሩ። ከየክፍሉ የጎበዝ፣ የመካከለኛና የደካማ ተማሪ ደብተር ሰብስቡ። መምህሩ አርሟል? ራይት ብቻ አድርጎ አልፏል ወይስ ስህተቱን አሳይቷል? ልጁስ አስተካክሏል? ከዚያ ደብተሩን ከቀን ትምህርት እቅዱ ጋር አስተያዩት። እቅዱ ምዕራፍ 4 ደርሶ ደብተሩ ምዕራፍ 2 ላይ ካለ፣ ኢንስፔክተሩ ገና ሲገልጠው ያየዋል። እናንተ ቀድማችሁ እዩት፤ ከመምህሩ ጋር ለብቻ ተነጋገሩ። በሰው ፊት አይሁን።

ቀጥሎ ቀሪ ተማሪ። እኛ ጋ በገበያ ቀንና በአጨዳ ሰሞን ክፍሉ ይሳሳል። ከስም መጥሪያው ላይ ማን በየትኛው ቀን እንደሚቀር አውጡ። ወተመህን (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረትን) ይዛችሁ ወላጆቹን አነጋግሩ፤ የተስማማችሁበትን በቃለ ጉባኤ ያዙ። ኢንስፔክተሩ ወላጅና ተማሪም ይጠይቃል። ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረመ አባት ስብሰባውን ካላስታወሰ ወረቀቱ አያድናችሁም።

ትምህርት ቤቱ ራሱን የሚመዝንበትን ግለ ግምገማ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ዘግቶ አይሙላው። መምህራኑ ቁጭ ብለው፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ «ማስረጃው የታለ?» እየተባባሉ ይሙሉት።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ አታድርጉ። አንድ ትምህርት ቤት ኢንስፔክተሩ ክፍል ገብቶ የሚያየውን ትምህርት ቀድሞ አስተምሮ ልጆቹን መልሱን አስጠንቷቸው አይቻለሁ። መምህሩ ጠይቆ ሳይጨርስ እጅ ይወጣል። እነዚያ ልጆች ያን ቀን የተማሩት ማስመሰል ነው። ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ይህን ልናስተምራቸው አይገባም።

የኢንስፔክሽን ቡድኑ ሲጨርስ የቃል ግብረ መልስ ይሰጣል። ጻፉት። ያልተስማማችሁበት ካለ ማስረጃውን እዚያው አቅርቡ፤ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ማጉረምረም አይጠቅምም። ከግኝቶቹ ሦስቱን መርጣችሁ በትምህርት ቤት ማሻሻያ እቅዳችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ባለቤትና ቀን ስጧቸው፣ ለእኔም ደውሉልኝ። ሪፖርቱ ሲደርስ ደግሞ ወላጆችን ጠርታችሁ አንብቡላቸው፤ ደረጃ 1 ቢሆንም።