ከጸሎት ርዕስ በፊት፦ በቃሉ ላይ በጥሞና የመጸለይ አሠራር

ጮክ ብሎ፣ ክፍሉን እየተመላለሰ፣ በአንድ ትንፋሽ አሥር የጸሎት ርዕስ ማንሳት የለመደ አማኝ «ዝም ብለህ በጌታ ፊት ተቀመጥ» ሲባል ሁለት ነገር ይቸግረዋል። አንደኛው ተቀምጦ ምን እንደሚያደርግ አለማወቁ ነው። ሁለተኛው ስጋት ነው፦ ይህ ከዮጋ በምን ይለያል? ስጋቱን አስቀድሞ መፍታት ይሻላል፤ ተጠራጥሮ የተቀመጠ ሰው አይረጋጋምና።

ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በስፔንሰር ገዳም የነበሩ ካቶሊካውያን መነኮሳት አንድ የጸሎት ዘዴ አስተዋውቀዋል። አንድ ቃል ይመረጣል፤ በቀን ሁለቴ ለ20 ደቂቃ ይቀመጣሉ፤ ሐሳብ በመጣ ቁጥር፣ መልካም ሐሳብም ቢሆን፣ ወደ ተመረጠው ቃል እየተመለሱ ይለቁታል። ብዙ ወንጌላውያን የሚቃወሙት ይህን፣ የቅዱሳት መጻሕፍትን ሐሳብ ሳይቀር መልቀቅን ነው። «በከንቱ አትድገሙ» (ማቴ. 6፥7) እና ርኩስ መንፈስ ተመልሶ ሲመጣ ተጠርጎ ባዶ የተገኘው ቤት (ማቴ. 12፥44) የሚጠቀሱት ለዚህ ነው። እዚህ የምናሳየው አካሄድ ግን አእምሮን ባዶ አያደርግም፤ በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ላይ ያቆየዋል እንጂ። አራቱን ደረጃዎች፣ ማለትም ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይና ማረፍን፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ጊጎ የተባለ መነኩሴ በቅደም ተከተል አስቀምጧቸዋል። መነኩሴ ጻፈው ብለው የሚሸሹ አሉ። መዝሙር 1 ላይ ሕጉን በቀንና በሌሊት የሚያስበው ሰው ታዲያ ሌላ ምን ያደርጋል?

ዝግጅት

30 ደቂቃ ይያዙ። ለጀማሪ 15 ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ልብ ሳይሰበሰብ ጊዜው ያልቃል። የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ይመረጣል። ከስልክ የሚያነቡ ከሆነ ኤርፕላን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ ለስላሳ ድምፅ ያለው ማንቂያም ይሙሉ፣ በየደቂቃው ሰዓት እንዳያዩ። አልጋ ላይ ተደፍቶ መንበርከክ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንቅልፍን መጥራት ነው። መደገፊያው ቀጥ ያለ ወንበር ላይ፣ እግር መሬት አስነክተው ይቀመጡ። ከውጭ የቅዳሴ ወይም የአዛን ድምፅ ማጉያ ቢሰማ አይታገሉት፤ የሚያደክመው ከድምፁ ይልቅ በድምፁ መናደድ ነው።

የሚነበበውን ክፍል ማታ ይምረጡ፤ ጠዋት ገጽ ሲያገላብጡ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ከ5 እስከ 10 ቁጥር ይበቃል። የወንጌል ትዕይንት ወይም አጭር መዝሙር ለጀማሪ ይመቻል። የትውልድ ሐረግና የጳውሎስ ረጅም ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆዩ።

አሠራሩ በማርቆስ 10፥46-52

መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ በዝግታ ይተንፍሱ፤ መንፈስ ቅዱስ ቃሉን እንዲያበራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለምኑ። ከዚያ ክፍሉን ድምፅ አውጥተው፣ ለራስዎ በሚሰማ መጠን፣ ያንብቡ። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነቡ በየቁጥሩ ቆም ይበሉ። ሦስተኛው ንባብ ላይ አንድ ሐረግ ልብ ይይዛል። የያዘዎት ሐረግ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ትርጉም እንደያዘ መቆየት አለበት፤ ከታሪኩ ተነጥሎ ሌላ ትርጉም ከሰጠ ተመልሰው ከመጀመሪያው ቁጥር ያንብቡ።

ቀጥሎ ሰባት ስምንት ደቂቃ ያሰላስሉ። በርጤሜዎስ በመንገድ ዳር ተቀምጧል። ብዙዎች ዝም እንዲል ይገሥጹታል፤ እሱ አብዝቶ ይጮኻል። ኢየሱስ ይቆማል። ሲጠራው ልብሱን ጥሎ ይነሣል። ዕውርነቱ ለሁሉም እየታየ ጌታ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ይለዋል። እዚህ ላይ ይቆዩ። ለምን ጠየቀው? ዛሬ እኔን ቢጠይቀኝ መልሴ ምንድን ነው? በትዕይንቱ ውስጥ የት ነኝ፣ ከሚጮኸው ወይስ ከሚገሥጹት ጋር?

ጸሎቱ ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። የምልጃ ዝርዝሩን አሁን አያንሱ፤ የሚመልሱት አንድ ነገር ነው፤ ንስሐ ሊሆን ይችላል፣ ልመና ወይም ምስጋናም። ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም ይበሉ። ቃል አይጨምሩ። ሐሳብ ሲሄድ ራስዎን ሳይወቅሱ የያዘዎትን ሐረግ አንድ ጊዜ ብቻ በልብዎ ይበሉና ይመለሱ። ሲጨርሱ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ የያዘዎት ሐረግና የመለሱት መልስ። የቤተሰብ፣ የቤተ ክርስቲያንና የአገር የጸሎት ርዕስ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም አጥሮና ጠርቶ ይመጣል።

በአምስቱ ደቂቃ ምን ይሰማል? አንዳንዱ ሰላም ያገኛል፤ አንዳንዱ እንባ ይቀድመዋል፤ የተረሳ ጥፋት ትዝ የሚለውም አለ። ብዙውን ቀን ምንም አይሰማም፤ ያኔም ጸሎቱ ጸሎት ነው።

ዝምታው ጨርሶ አልሆን ላለው የተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር በ1535 ለፀጉር አስተካካዩ ለጴጥሮስ የጻፈለት መንገድ አለ። ከአሥርቱ ትእዛዛት እያንዳንዱን በአራት ዙር ይጸልዩበታል፦ ምን ያስተምረኛል፣ ስለ ምን ላመስግን፣ ምን ልናዘዝ፣ ምን ልለምን። በመካከል መንፈስ ቅዱስ መናገር ከጀመረ ግን ሌላውን ትቶ ማድመጥ እንደሚገባ ይመክራል። ለአእምሮ የሚሠራው ነገር የሚሰጥ ጸሎት ነው ማለት ይቻላል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ለሚከብደው ይበጀዋል።

የሚበላሸው የት ነው?

አገልጋዮች ላይ ቶሎ የሚታየው ጥሞናው ስብከት መሆኑ ነው። ሦስተኛው ንባብ ላይ ርዕስና ነጥቦች ይደረደራሉ። ለእሑድ የመደቡትን ክፍል ለጥሞና አይውሰዱ፤ ችግሩ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል።

ሐሳብ መበተን ደግሞ የሁሉም ነው። በብሪስቶል የሙት ልጆች ማሳደጊያ የመሠረተው ጆርጅ ሙለር ጠዋት በቀጥታ ጸሎት ሲጀምር 10 ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ሐሳቡ ሲባክን እንደቆየ ጽፏል። በ1841 ቅደም ተከተሉን ገለበጠ፦ መጀመሪያ ቃሉን ማሰላሰል፣ ጸሎቱ ከዚያ እንዲወጣ። ስለዚህ ንባቡን ዘለው ወደ ዝምታው አይሮጡ።

ከሁሉ የሚከፋው በዝምታ የመጣን ሐሳብ ሁሉ «ጌታ ተናገረኝ» ማለት ነው። «ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙን ያዙ» (1 ተሰ. 5፥21)። ስለ ሌላ ሰው ትዳር፣ ገንዘብ ወይም አገልግሎት የመጣ ሐሳብ ከሆነ ለባለቤቱ አይንገሩ፤ ጽፈው ያስቀምጡት፣ ከቃሉ ጋር ያስተያዩት፣ ለበሰለ አማኝ ያማክሩ። ዝምታው ከባድ ሐዘንን ወይም የቆየ ጉዳትን ከቀሰቀሰ ዓይንዎን ይክፈቱና መዝሙር 23ን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ከተደጋገመ ብቻዎን መቀጠሉን ትተው ከሚያምኑት ሰው ወይም ከባለሙያ ጋር ይነጋገሩ።

በቤት ኅብረት ለማድረግ ከስምንት ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ያነባል፣ በየንባቡ መካከል ሦስት ደቂቃ ዝም ይባላል፤ ከዚያ እያንዳንዱ የያዘውን ሐረግ ብቻ ይናገራል። ማብራሪያ፣ እርማትና ምስክርነት የለም፤ አንዱ ማስተማር ከጀመረ የቀረው ሰው መስማት ያቆማል። መሪው ዝምታው መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይናገር፤ ካልተነገረ አንዱ በሁለተኛው ደቂቃ መዝሙር ያነሣል።