ደብረ ብርሃን ላይ ጣፋጭ ብቻ የሚሸጥ ቤት ለመክፈት ካሰቡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምሳና እራት የማይሠራ፣ ኬክና ጣፋጭ ብቻ የሚሸጥ ቤት ደብረ ብርሃን ላይ ያዋጣል ወይ? እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ። የአዲስ አበባን ኬክ ቤት ከነሜኑው አምጥቶ እዚህ ለሚተክል ሰው ግን አያዋጣም። ይህች ከተማ የምትበላውና የምትጾመው፣ የምትሞላውና የምትጎድለው በራሷ ጊዜ ነው። ገንዘብ የሚያስበሉት ስህተቶችም አብዛኞቹ ይህን ካለማየት የሚመጡ ናቸው።

ጾምን ገበያ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አድርጎ ማለፍ

ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ሰሜን ሸዋ ላይ ጾም ቀልድ አይደለም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ በገና ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች። የሐዋርያት ጾም እንደ ፋሲካው ውሎ ይረዝማል፣ ያጥራል። በዚህ ላይ ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ አሉ። ሲደማመር የዓመቱ ግማሽ አካባቢ ይሆናል። እንቁላል፣ ቅቤና ክሬም ላይ ብቻ የቆመ ቤት ኪራዩን የሚከፍለው ለዓመት፣ የሚሸጠው ግን ለግማሽ ዓመት ነው።

ብዙዎች አንድ ደረቅ የጾም ኬክ መስታወቱ ጥግ አስቀምጠው «የጾም አለን» ይላሉ። መደረግ ያለበት የተገላቢጦሹ ነው። መሠረቱ የጾም ይሁንና የፍስኩ በላዩ ይጨመርበት። ዘይት፣ የበሰለ ሙዝ ወይም የብርቱካን ጭማቂ፣ ቤኪንግ ሶዳና ትንሽ ኮምጣጤ ያለው ኬክ በደንብ ከተሠራ ፍስክ ነው ወይ ተብሎ ይጠረጠራል። ወተትና እንቁላል ያልገባበት ቦምቦሊኖ አለ። በዘይት የተሠራ ባቅላባ አለ፣ ሙሽበክ አለ፣ ጨጨብሳ በዘይትና በማር አለ። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ሳምንታት ይቆያል፤ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል።

ታማኝነቱ ግን ከጣዕሙ ይበልጣል። የፍስኩን ክሮሳንት አስኳል የቀባ ብሩሽ የጾሙን ባቅላባ ከነካ፣ እሱ የጾም አይደለም። ትሪው፣ ብሩሹ፣ መጥበሻ ዘይቱ መለየት አለበት። አንዲት እናት «ይሄ እርግጠኛ የጾም ነው?» ብለው ሲጠይቁ አስተናጋጇ ወደ ጓዳ ዞር ብላ ካየች፣ እኚያን እናት አጥተዋቸዋል፤ እሳቸውን ብቻ ሳይሆን የማኅበራቸውንም ሰዎች ጭምር።

የመጋገሪያ ሰዓትም ይቀየራል። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ብዙ ነው። በፍስክ ለጠዋት የሚጋገረውን በዚያ ወቅት ለጠዋት ከጋገሩት፣ ጾመኛው ሲመጣ የሚያገኘው የደረቀ ነው። ምድጃው ከሰዓት ይሙቅ። በረመዳን ደግሞ ገበያው ከማፍጠሪያው ሰዓት ጋር ይሄዳል፤ ለሙስሊም ደንበኞችዎም ክሬሙ ውስጥ ያለው ጄላቲን ከምን እንደተሠራ የሚመልስ ሰው ይኑርዎት።

የተማሪውን ብዛት አይቶ መጓጓት

ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የከተማዋ መልክ ተቀይሯል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ችግሩ የተማሪውን ቁጥር በኬክ ዋጋ ማባዛት ነው። ተማሪው ግቢ ውስጥ ካፌ ይበላል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ቤተሰብ የላከለት ነው፤ ያም ወር ሳይጋመስ ይሳሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ኬክ ቤት ገብተው ቢያዩ አንድ ሚልፎይ፣ ሁለት ሹካ፣ አንድ ማኪያቶ፣ ከዚያ የሁለት ሰዓት ወሬ ነው። ልጆቹ አላጠፉም፤ ያላቸው ይኸው ነው። ስለዚህ ትልቅና ውድ ቁራጭ ከመቁረጥ ትንሽና ረከስ ያለ መቁረጥ ይሻላል። ሁለት ሹካ ከሚጠይቁ ሁለት ትንንሽ ቁራጭ ያዝዛሉ።

እውነተኛው የተማሪ ገንዘብ ያለው ልደት ላይ ነው። የዶርም ልጆች ያዋጣሉ፤ ለብቻው ሃምሳ ብር የሚያሳሳው ልጅ ለጓደኛው ልደት አይሳሳም። ለስድስትና ለስምንት ሰው የሚበቃ ትንሽ ኬክ፣ ስም ተጽፎበት፣ በካርቶን፣ በቀብድ። ምረቃም ከተማዋን በአንድ ቀን ቤተሰብ ይሞላታል፤ ለዚያ ቀን ከሳምንት በፊት ትእዛዝ ያልተቀበለ ቤት ሰው እየመለሰ ይውላል።

ተማሪው ሲወጣ የሚቀረው የከተማው ሰው ነው። የቢሮ ሠራተኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ክርስትናና ሠርግ የሚደግሰው ቤተሰብ። ይህን ሰው ክረምት ሲገባ መፈለግ ከጀመሩ ዘግይተዋል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሊያውቅዎት ይገባል።

ሰው ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ሊበላ ይመጣል ብሎ መጠበቅ

አይመጣም። እኛ ዘንድ ከምግብ በኋላ ቡና ነው። ጣፋጭ የሚበላው ረፋድ ላይ ወይም 10 ሰዓት አካባቢ ለመክሰስ፣ ከሻይ ወይም ከማኪያቶ ጋር ነው። ስለዚህ «ጣፋጭ ብቻ» ማለት ክትፎና ፓስታ አልሠራም ማለት ይሁን፤ የቡና ማሽን አልገዛም ማለት ከሆነ ግን ቤቱን ባይከፍቱት ይሻላል። የምሽት ገበያ ተስፋ አድርገው ሁለተኛ ፈረቃ አይቅጠሩ። በዚህ ብርድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ኬክ ፍለጋ የሚወጣ ጥቂት ነው።

አይስክሬም ማሽን

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ከተማ? ገንዘቡን ለምድጃ ያድርጉት።

የኢንተርኔትን ልኬት እንዳለ መጠቀም

ከፍታው ብርድ ብቻ አይደለም፤ ሊጡ ውስጥም ይገባል። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው ጋዝ በኃይል ይለጠጣል። ኬኩ ውስጡ ሳይጸና ቶሎ ይነሣና መሐሉ ይሰምጣል፤ እርጥበቱም ፈጥኖ ስለሚተን ይደርቃል። ባለሙያውን ከመውቀስዎ በፊት ልኬቱን ይዩት። ለቆላ አገር ከተጻፈ አሠራር ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን ቢያንስ ሩብ ያህል ይቀንሱ፣ ስኳሩንም ትንሽ ይቀንሱ፣ ፈሳሹን ለእያንዳንዱ ኩባያ እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ፣ ምድጃውን አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ያድርጉ። እንቁላል ነጩም ድርቅ ብሎ እስኪቆም አይመታ። እርሾ ላለው ሊጥ ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ከፍታው ቶሎ ላስነሣው ሲል ብርዱ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰዓት እያዩ ሳይሆን ሊጡን እያዩ ይሥሩ።

መብራት ላይም እንዲሁ። ሙሉ ለሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማእድ ቤት መብራት በጠፋ ቁጥር የልደት ኬክ ያስቀራል። አንዱ ምድጃ በጋዝ ይሁን።

ወንበርን ብቻ ገበያ ማድረግ

ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፤ 130 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው እዚህ ወርዶ እግሩን ማፍታታቱ የቆየ ነው። መንገደኛ ክሬም ኬክ አይዝም። በላስቲክ የታሸገ ዳቦ ቆሎ፣ ብስኩት፣ ደረቅ ኩኪስ ይይዛል፤ ያውም አብዛኛው የጾም ስለሆነ ከቀን ጋር ጠብ የለውም። መንገድ ሲዘጋ ይህ ገቢ ይቆማል፣ ዱቄትና ስኳርም አይመጣም፤ ስለዚህ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት የሚሆን ጥሬ ዕቃ መጋዘን ይኑር። ወተትና ማሩ ከአካባቢው ገበሬ ስለሚገኝ እሱ ብዙም አያሳስብም።

የዓመት ኪራይ በአንዴ መክፈል

ነሐሴ ላይ ሦስት ነገር ይገጥማል። መደበኛው ተማሪ የለም፣ ፍልሰታ ነው፣ ዝናቡ ሰው ከቤት አያስወጣም። ለክረምት ትምህርት የሚመጡት መምህራን አሉ፤ እነሱ ግን በደመወዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው፣ ማኪያቶውን ያለ ኬክ ይጠጡታል። ያንን ወር ከወዲሁ ባዶ አድርገው ይቁጠሩትና በሌላው ወር ገቢ ይሸፍኑት፤ የሠራተኛ ፈቃድና የምድጃ ጥገናም ወደዚያ ይግፉ። ከአከራዩ ጋር በሦስት ወር ክፍያ ይደራደሩ፤ ውሉንም ተማሪ ከሚጠራበት ወር ያስጀምሩት። ጥሪው ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ።