በሊኑክስ ላይ የኢንተርኔት ጥሪ ድምፅና ማይክሮፎን ሲያስቸግር

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ሲደወል ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ድምፅህ አይሰማም» ካለ፣ ጅማ ላይ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚወቅሰው ኔትወርኩን ነው። ይሁን እንጂ ኔትወርክ ሲደክም ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ይዘገያል እንጂ፣ ምስሉ ደህና እየታየ ድምፁ ብቻ ጭራሽ አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሚገኝ፣ አዲስ ማዳመጫ ለመግዛት ወደ መርካቶ ከመውረድ በፊት የሚከተለውን መሞከር ይበጃል።

መጀመሪያ ጥሪውን ዘግቶ በማንኛውም የድምፅ መቅጃ ጥቂት ቃላት ቀድቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ቅጂው ጥሩ ከሆነ ማይክሮፎኑ ደህና ነው፤ የጎደለው ብዙ ጊዜ የጥሪ ፕሮግራሙ ፈቃድ ነው። በፋየርፎክስም ሆነ በክሮም ከገጹ አድራሻ አጠገብ ያለውን ምልክት ተጭኖ ማይክሮፎን መፈቀዱን ማየት ይቻላል። ስናፕ በተባለው የፕሮግራም ማከፋፈያ ዘዴ የተጫነ ፕሮግራም ደግሞ ድምፅ የመቅዳት ፈቃድ ለብቻው ሊፈልግ ይችላል።

ቅጂው ባዶ ከሆነ ፓቩኮንትሮል የተባለውን ፕሮግራም መጫን ይገባል፤ በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ከእርሱ የሚሻል የለም። የግብዓት መሣሪያዎች በሚታዩበት ገጽ ላይ ሲናገሩ የሚንቀሳቀሰው መለኪያ የትኛው ማይክሮፎን እንደሚሠራ ወዲያው ያሳያል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከየትኛው ማይክሮፎን እንደሚቀዳ የሚመረጥበት ገጽ ግን ቀረጻ በሌለበት ሰዓት ባዶ ስለሆነ፣ ጥሪው እየተካሄደ ሳለ መከፈት አለበት። የሌላው ሰው ድምፅ ካልተሰማ ደግሞ፣ ኤችዲኤምአይ በተባለው ገመድ የተያያዘ ቴሌቪዥን ወይም ሞኒተር ድምፁን ወደ ራሱ ወስዶት እንደሆነ በውጤት መሣሪያዎች ገጽ ላይ ይታያል።

መለኪያው ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) አልሳሚክሰር የተባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ከፍቶ፣ በኤፍ 6 ቁልፍ የድምፅ ካርዱን መርጦ፣ በኤፍ 4 ወደ ቀረጻው ክፍል መሄድ ነው። የተዘጋ መስመር ካለ በስፔስ ቁልፍ ይከፈታል። ማጉያውን እስከ ጫፍ መውሰድ ግን አይመከርም፤ በተለይ በክረምት፣ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ማጉያው ከተናጋሪው ይልቅ ጣሪያውን ያሰማል።

ለባለ ገመድ ማዳመጫ መሰኪያውን ማየት ብቻ ይበቃል፦ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮፎን አለው፣ ሁለት ብቻ ያለው የለውም። ሁለት መሰኪያ ያለውን ማዳመጫ ባለ አንድ ቀዳዳ ላፕቶፕ ላይ ለመጠቀም ማገናኛ ያስፈልጋል።

ብሉቱዝ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ኤቱዲፒ የተባለው አሠራር ዘፈንን ጥርት አድርጎ ቢያሰማም ማይክሮፎን አያስተላልፍም፤ ኤችኤፍፒ የተባለው ማይክሮፎኑን ያስተላልፋል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ናሙና ብቻ ስለሚወስድ ድምፁ ይደበዝዛል። ስለዚህ የላፕቶፑን ማይክሮፎን መርጦ ብሉቱዙን ለማዳመጥ ብቻ መጠቀም የተሻለ ነው።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ሳለ ድምፁ ድንገት ከጠፋ፣ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ22.10 ጀምሮ በፐልስኦዲዮ ቦታ የገባው ፓይፕዋየር የተባለው የድምፅ አስተናጋጅ ፕሮግራም ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ከተጠቃሚ መለያው ወጥቶ እንደገና መግባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በውጤት መሣሪያዎች ዝርዝር ላይ «ደሚ አውትፑት» (የይስሙላ መሣሪያ) ብቻ ከታየ ሲስተሙ የድምፅ ካርዱን አላወቀውም ማለት ነው፤ የቅርብ ጊዜ የኢንቴል ላፕቶፕ ከሆነም ኤስኦኤፍ የተባለውን ፈርምዌር (የድምፅ ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ጭኖ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል።