ማሲንቆው ሲያፏጭና ቅኝቱ ሲያመልጥ፦ የግራ እጅ ጣቶች ችግርና መፍትሄ

ጣትን ከመውቀስ በፊት አንድ ፈተና አለ። ምንም ጣት ሳታሳርፉ የማሲንቆውን ጭራ (ክሩን) በደጋኑ ገዝግዙት። ያኔም ከከረከረ ጥፋቱ የጣታችሁ አይደለም፤ የደጋኑን ጭራ በዕጣን ሙጫ እሹት። ጣት ሲያርፍ ብቻ ከተበላሸ ግን ቀጥሉ።

ያው ኖታ በተነካ ቁጥር ይለያያል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይቀጥናል።
ይሄ በተለይ ጊታር ነካክተው የመጡ ሰዎች አመል ነው። ጊታር ላይ ክሩ እንጨቱ ላይ ይጫናል። የማሲንቆ ጭራ ግን ከዘንጉ ርቆ የተወጠረ ስለሆነ ከሥሩ ጣት የሚደገፍበት ነገር የለም፤ ወደ ዘንጉ በገፋችሁት መጠን ይበልጥ ይወጠራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። በጣታችሁ ሥጋ ንኩት እንጂ አትግፉት። ጭራው ሲጎብጥ በዓይን ከታያችሁ በዝቷል።

ያፏጫል።
«አትጫኑ» ሲባሉ ደግሞ ጨርሰው የሚለቁ አሉ። ጣቱ ጭራውን ካላስቆመው ከጣቱ በላይ ያለውም ክፍል አብሮ ይነዝራል፤ ፉጨቱ እሱ ነው። የትም ቦታ ላይ ግን እኩል አይመጣም፤ ከላይ ሲቆጠር በጭራው ሩብና ሲሶ ላይ ይብሳል። በትዝታ ሜጀር ቅኝት የቀለበት ጣት የሚያርፈው ሲሶው ላይ በመሆኑ ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይቸገራል። ፉጨቱ እስኪጠፋ ብቻ ጨመር አድርጉ።

ትዝታ ያምራል፣ አምባሰል ይበላሻል።
እዚህ ላይ ነው ጊዜ መስጠት ያለባችሁ። እጅ የትዝታን ርቀት ለምዶ ቅኝቱ ሲቀየር አልነቃነቅ ይላል። ከላይ እስከ በርኩማው (ሳጥኑ ላይ ጭራውን ደግፎ እስከሚይዘው እንጨት) 40 ሳንቲም ሜትር የሚነዝር ጭራ አለ እንበል፤ ሁለቱንም ቅኝት ጣት ካላረፈበት ድምፅ እንጀምር። በትዝታ ሜጀር ሌባ ጣት ከላይ 4.4፣ የመሃል ጣት 8.2፣ የቀለበት ጣት 13.3፣ ትንሿ ጣት 16.2 ሳንቲም ሜትር ገደማ ላይ ያርፋሉ። በአምባሰል ሌባ ጣት ወደ 2.2 ይወጣል፣ የመሃል ጣት ወደ 10 ይወርዳል፣ የቀለበት ጣት ባለበት ይቆያል፣ ትንሿ ወደ 14.8 ትመለሳለች። በሌባና በመሃል ጣት መካከል የነበረው ክፍተት በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው፤ እጅ የሚያምፀውም ለዚህ ነው።

መላው ጣት ሳያርፍ በፊት ኖታውን በአፍ ማንጎራጎር፣ ከዚያ ጣቱን አንሸራትቶ ድምፁን መፈለግ ነው። ከሌባ ወደ መሃል ጣት ያለውን ዝላይ ብቻ ለብቻው አመላልሱት። ዘንጉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ አልወደውም። በርኩማው ትንሽ ከተንሸራተተ ምልክቱ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

አውራ ጣት ሥር ያማል።
መሣሪያውን በግራ እጅ እየተሸከማችሁት ነው። ሳጥኑን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉና ለአፍታ አውራ ጣታችሁን አንሱ፤ ማሲንቆው ካልወደቀ አያያዛችሁ ልክ ነው።