የቆዩ የገጠር ፎቶግራፎችን ስለ ማዳን

በመንዝ፣ በጣርማ በርና በአንኮበር ብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የአውድማ፣ የገበያና ባና የለበሱ አባቶች ፎቶግራፎች በጢስና በደጋው እርጥበት እየተጎዱ ስለሆነ፣ ቅጂያቸውን ማስቀረት ለነገ የሚባል አይደለም።

ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀውን ፎቶግራፍ በፍጹም አይላጡት፤ ምስሉን የተሸከመው ስስ የጄላቲን ሽፋን በእርጥበት ለስልሶ ከመስታወቱ ጋር ስለሚያያዝ፣ ወረቀቱ ሲነቀል ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ይልቁንም ክፈፉን እንዳለ ደጅ አውጥተው፣ ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ መስታወቱ እንዳያንጸባርቅ ከጀርባዎ ጥቁር ጨርቅ አስይዘው በስልክ ያንሡት። ያልተጣበቀውን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ማድረግ ይበቃል። ከጀርባው የሚጻፈውም በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ዘልቆ ምስሉን ያበላሻል።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ግን ፎቶግራፉ ተርፎ የሰዎቹ ስም መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ቅጂውን በትልቁ አሳትመው ለአካባቢው አዛውንቶች ያሳዩ፤ ስሙን፣ መንደሩንና የሥራውን ዓይነት ይጠይቁ። ዓመቱ ካልታወሳቸው፣ ከ1966ቱ አብዮት ወይም ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ይሁን በኋላ ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ያስታውሳቸዋል።